በትናንሽ የጄት አውሮፕላኖች ላይ የበረዶ መከላከያ፤ የሙቀት ስሌትና የማብሪያው ዋጋ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።




ዲሴምበር 8 ቀን 2014 ረፋዱ ላይ ኤምብራየር ፌኖም 100 የተባለ አነስተኛ የጄት አውሮፕላን በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ጌይተርስበርግ ከሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ እየተቃረበ ሳለ ከመንደርደሪያው ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ላይ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ወደቀ። አብራሪውና ሁለቱ ተሳፋሪዎች፣ እንዲሁም በአንደኛው ቤት ውስጥ የነበሩ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ አውሮፕላኑ ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ደመና ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ መብረሩና በክንፎቹም ላይ በረዶ መያዙ ታወቀ። ይህን በረዶ የሚያራግፈው መሣሪያ በአውሮፕላኑ ላይ ተገጥሞ ነበር። ብልሽትም አልተገኘበትም። ነገር ግን አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ማብሪያው አልተከፈተም።

አደጋውን የአብራሪ ስሕተት ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቻላል። ቦርዱም ዋናውን ምክንያት በአብራሪው አሠራር ላይ አሳርፎታል። ለመሐንዲስ ግን ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራ መሣሪያ በእጁ እያለ ሰው ሳይጠቀምበት የሚቀረው ስለምንድን ነው? መልሱ በከፊል ሰውየው ዘንድ፣ በከፊል ደግሞ በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ይገኛል። የዚህ ንግግር ዓላማም በትናንሽ ጄቶች ላይ የበረዶ መከላከያ የሚሠራበትን መንገድ ከሥረ መሠረቱ በመመርመር፣ መከላከያው የቧንቧና የጎማ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ፣ የፍጥነትና የመንደርደሪያ ርዝመት ጉዳይ ጭምር መሆኑን ማሳየት ነው።

1. የበረዶው ጠባይ

ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ በደመና ውስጥ ሁልጊዜ አይሠራም። በደመና ውስጥ ያሉት የውሃ ነጠብጣቦች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑና ለመርጋት መነሻ የሚሆን ቅንጣት ስለማያገኙ ከዜሮ በታች እየቀዘቀዙም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። እንዲህ ያለው ውሃ በብዛት የሚገኘው ከዜሮ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለው ሙቀት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስኪደርስም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ነጠብጣቡ ለመርጋት የሚጠብቀው የሚነካውን ነገር ብቻ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ሲመታው ያን ጊዜ ይረጋል።

አረጋጉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቅዝቃዜው ሲበረታና ነጠብጣቦቹ ጥቃቅን ሲሆኑ ወዲያው ስለሚረጉ በመካከላቸው አየር ያስቀራሉ። ከዚህም ነጭና ሻካራ በረዶ ይወጣል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋና ነጠብጣቦቹ ሲተልቁ ደግሞ ውሃው ከመርጋቱ በፊት በክንፉ ላይ ጥቂት ይፈሳል። ከዚህ የሚወጣው በረዶ እንደ መስተዋት የጠራ ሲሆን አንዳንዴም ከክንፉ ግንባር በላይና በታች እንደ ቀንድ ይበቅላል።

ብዙ ሰው የበረዶው አደጋ ክብደቱ ይመስለዋል። ክብደቱ የአደጋው ትንሹ ክፍል ነው። ክንፍ የሚያነሳው አየሩ በላዩ ላይ ተለጥፎ በተስተካከለ መንገድ ሲያልፍ ነው። መካከለኛ ወይም ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የሚያህል ሸካራነት ያለው አመዳይ የክንፉን የማንሻ ኃይል ከመቶ 30 እጅ ሊቀንስ፣ ጎታቹን ኃይል ደግሞ እስከ ከመቶ 40 እጅ ሊጨምር እንደሚችል በሙከራ ታውቋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በረዶ የያዘ ክንፍ በስቶል የሚያዘው፣ ማለትም አየሩ ከላዩ ተላቅቆ የማንሳት አቅሙን በድንገት የሚያጣው፣ ንጹሕ ክንፍ በደኅና ሊበርበት በሚችል ፍጥነት ነው። አብራሪው በልምድ የሚያውቀው ወሰን ሳይነገረው ተለውጦበታል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ትንሽ ጄት ከትልቁ ይልቅ የሚጎዳባቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የክንፉ ቅጥነት ነው። አየሩ ወፍራም ግንባር ካለው ክንፍ ፊት ገና ከሩቅ መታጠፍ ስለሚጀምር ጥቃቅኑን ነጠብጣብ ይዞት ያልፋል። ከቀጭን ግንባር ፊት ግን የሚታጠፈው በአጭር ርቀት ውስጥ በድንገት ስለሆነ ነጠብጣቡ መታጠፉን ሊከተል አይችልም፤ ከክንፉ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ትንሽ ክንፍ ከመጠኑ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ይሰበስባል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አየር ከክንፉ ግንባር ሲጋጭ ይሞቃል። በሴኮንድ 200 ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሲደርስ በሴኮንድ 100 ሜትር ለሚበር ግን 5 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘገምተኛ የሆነው ትንሽ ጄት ከዚህ ነጻ ሙቀት የሚያገኘው ድርሻ ትንሽ ነው። ይልቁንም ለማረፍ ሲቃረብ ምንም ያህል አይጠቅመውም።

2. የሙቀት ስሌት

ለምሳሌ ያህል የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር፣ አየሩን የሚገጥመው ውፍረት 10 ሴንቲሜትር የሆነ አውሮፕላን በሴኮንድ 100 ሜትር እየበረረ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ግማሽ ግራም ፈሳሽ ውሃ ባለው ደመና ውስጥ ገባ እንበል። ክንፉ በየሴኮንዱ 120 ሜትር ኩብ አየር ይገጥማል። በዚያ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ግራም ነው። ግማሹ ብቻ ቢያዝ በሴኮንድ 30 ግራም፣ በደቂቃ ወደ 2 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል።

ይህን ውሃ በሙሉ በትነን እናስወግደው ቢባል አንድ ኪሎግራም ውሃ ለመትነን 2,500 ኪሎጁል ያህል ስለሚፈልግ 75 ኪሎዋት ያስፈልጋል። የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ከክንፉ ላይ የሚወስደው ሙቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በአንጻሩ ውሃው እንዳይረጋ ብቻ ጥቂት ዲግሪ ማሞቅ ቢፈለግ የሚጠይቀው ኃይል በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያልተነነው ውሃ ወደ ኋላ ይፈስና ሙቀት ከማይደርስበት ሥፍራ ሲደርስ ይረጋል። እዚያም እንደ ግድብ ሆኖ በክንፉ አግድም ይቆማል። መድኃኒቱ በሽታውን ከግንባር ወደ ጀርባ አዛወረው እንጂ አልፈወሰውም። ኃይል ለመቆጠብ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ ከዚህ ገደል አፋፍ ላይ የሚደረግ ነው።

በጄት አውሮፕላን ላይ የቅርቡ የሙቀት ምንጭ የሞተሩ ኮምፕረሰር ነው። ከዚያ የሚጠለፈው ትኩስ አየር በቧንቧ ወደ ክንፉ ግንባር ይላካል። ይሁን እንጂ ይህ አየር በነጻ የሚገኝ አይደለም። ለተርባይኑ ሊሠራ የነበረ አየር ስለሆነ የሞተሩን ግፊት ይቀንሳል፣ የተርባይኑን ሙቀት ያንራል፣ ነዳጅም ይጨምራል። የፌኖም 100 አንዱ ሞተር የሚሰጠው ግፊት ወደ 7.5 ኪሎኒውተን ነው። እንዲህ ካለ ትንሽ ሞተር እምብርት ውስጥ ብዙ አየር መጥለፍ ከትንሽ ምንጭ በትልቅ እንስራ እንደመቅዳት ነው። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ በረዶው በብዛት የሚገኘው አውሮፕላኑ ወደ ታች ሲወርድ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ አብራሪው የሞተሩን ኃይል ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ዝቅ ሲል ደግሞ ትኩሱ አየር ይደክማል። ለክንፉ ሙቀት ሲባል ሞተሩ ከፍ ቢደረግ አውሮፕላኑ ልውረድ ሲሉት አልወርድም ይላል።

3. የመከላከያው ዓይነቶች

መከላከያዎቹ በሁለት ግሦች ይከፈላሉ፤ ማገድና ማራገፍ። ማገድ በረዶው ከመጀመሪያው እንዳይያዝ ማድረግ ሲሆን፣ ማራገፍ ከተያዘ በኋላ ሰብሮ መጣል ነው።

ትኩስ አየር በአመዛኙ የማገጃ መሣሪያ ነው። የሞተር አፍ በዚህ መንገድ የሚጠበቀው ከዚያ ተላቅቆ ወደ ሞተሩ የሚገባ በረዶ የኮምፕረሰሩን ቅጠሎች ሊሰብር ስለሚችል ነው። አንዳንድ ትናንሽ ጄቶች ኃይሉን አብቃቅተው ይጠቀማሉ። ለምሳሌ በሴስና ሳይቴሽንጄት የክንፉ ግንባር በትኩስ አየር ሲሞቅ የጭራው አግድም ክንፍ ግን በጎማ ይጠበቃል።

የጎማው መሣሪያ ጥንታዊ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ጉድሪች ኩባንያ ለፒስተን አውሮፕላኖች የተሠራው ሐሳብ እስከ ዛሬ አለ። በክንፉ ግንባር ላይ የተለጠፈው የጎማ ልባስ በውስጡ ባሉት ቱቦዎች አየር ሲነፋበት ያብጥና በላዩ ያለውን በረዶ ይሰብራል፤ የቀረውን የሚያልፈው አየር ይወስደዋል። የሚፈልገው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህም ፌኖም 100ን፣ ሳይቴሽን ማስታንግንና ባለ አንድ ሞተሩን ሲረስ ቪዥን ጄትን የመሰሉ ጥቃቅን ጄቶች ክንፋቸውን የሚጠብቁት በጎማ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተወለደው ሌላው ዘዴ ግላይኮል ያለበትን ፈሳሽ በክንፉ ግንባር ላይ ማላብ ነው። ፈሳሹ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ክንፉን ያለብሳል። ሆከር ሲድሊ 125 የተባለው የታወቀ ጄት በዚህ ይጠቀማል። የዘዴው ጥቅም ወደ ኋላ የሚፈሰውም ውሃ እንዳይረጋ ማድረጉ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ፈሳሹ የሚያልቅ መሆኑ ነው።

በኤሌክትሪክ ማሞቅ ለመስተዋትና ለፍጥነት መለኪያ ቱቦዎች የተለመደ ነው። ክንፉን በሙሉ በኤሌክትሪክ ለማሞቅ ግን ቦይንግ 787ን የመሰለ ትልልቅ ጄኔሬተሮች ያሉት አውሮፕላን ይጠይቃል። በመጨረሻም በፕሪሚየር 1 የጭራ ክንፍ ላይ የተገጠመው መሣሪያ አለ። በዚህ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ በአንድ ቅጽበት በመጠምጠሚያ ሽቦዎች ውስጥ ሲለቀቅ የግንባሩን ቆርቆሮ ይደበድበውና በረዶውን ያስፈነጥረዋል። ኃይሉ ጥቂት፣ ሥራው ግን ብልኅ ነው።

4. የማብሪያው ዋጋ

የጎማ ልባስ ንጹሕ ክንፍ አይሰጥም። በሁለት መነፋቶች መካከል በረዶ ይይዛል፤ ከተነፋም በኋላ ቅሪት ይኖራል። ጎማው ከማይሸፍነው ሥፍራ ያለው በረዶም አይነካም። ስለዚህ እንዲህ ያለ አውሮፕላን መከላከያው በትክክል እየሠራም ቢሆን የሚበረው ጥቂት በረዶ ይዞ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ይህን ያውቃሉ። በፌኖም 100 ላይ የክንፍና የጭራ በረዶ ማራገፊያው ማብሪያ ሲከፈት ጎማው መነፋት ከመጀመሩም ሌላ የስቶል ማስጠንቀቂያው ወሰን ይለወጣል፤ ማስጠንቀቂያው ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ ማለትም በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ፣ እንዲጮኽ ይደረጋል። አብራሪውም ለማረፍ የሚጠቀምበት ፍጥነት ከፍ ይላል።

እንግዲህ ማብሪያው ሳይከፈት ሲቀር ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛ በረዶው አይራገፍም። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያው ክንፉ ንጹሕ እንደሆነ እያሰበ ዝም ይላል። በጌይተርስበርግ የሆነው ይህ ነው። አብራሪው የተጠቀመው ለንጹሕ ክንፍ የሚሆነውን የ92 ኖት ፍጥነት ነበር። ፍጥነቱ ወደ 88 ኖት ገደማ ሲወርድ፣ ማስጠንቀቂያው በጮኸበትና ክንፉ ማንሳት በተሳነው ቅጽበት መካከል የተረፈ ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከፍታውም ለመመለስ አይበቃም ነበር።

የማብሪያው ዋጋ የሚገለጸው በዚህ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል የማረፊያው ርቀት ይረዝማል፤ የዚያ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ደግሞ 4,202 ጫማ፣ ማለትም 1,280 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መርማሪዎቹ አብራሪው ማብሪያውን ረስቶት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ስለ ማረፊያው ርቀት አስቦም ሊሆን እንደሚችል ተመልክተዋል። የትኛው እንደሆነ አልተረጋገጠም። ለንድፍ ሥራ ግን ሁለቱም ትምህርት ናቸው። ሊረሳ የሚችል መሣሪያ አንድ ቀን ይረሳል። ዋጋ የሚያስከፍል መሣሪያም፣ ጥቅሙ በዓይን ሳይታይ ዋጋው በሰንጠረዥ ላይ ጎልቶ ሲታይ፣ አንድ ቀን ወደ ጎን ይተዋል። ይህ ሁሉ ሚዛን የሚመዘነው ደግሞ ብቻውን በሚያበር፣ በአንድ ጊዜ ከሬዲዮው፣ ከደመናውና ከመንደርደሪያው ጋር በሚታገል ሰው አእምሮ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በ2013 በበርሊን፣ ከዚያም በኋላ በ2021 በፓሪስ ለ ቡርዤ፣ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን በረዶ ይዞ ሲያርፍ መንደርደሪያው ላይ ክንፉ ተሳነው። በሁለቱም ሰው አልሞተም። አውሮፕላኖቹ ግን ክፉኛ ተጎዱ።

ማብሪያው እንዲዘገይ ያደረገ አሮጌ እምነትም አለ። ጎማው ገና በስሱ በረዶ ሳለ ቢነፋ በረዶው ሳይሰበር ተለጥጦ እንደ ድልድይ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ጎማው በውስጡ በከንቱ ያብጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ አብራሪዎች በረዶው ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር እስኪወፍር እንዲጠብቁ ይመከሩ ነበር። በ1990ዎቹ የተደረገው ምርመራ ይህ ድልድይ በዘመናዊ ጎማዎች ላይ እንደማይታይ አሳየ። ይሁን እንጂ ምክሩ ከመጻሕፍት ቶሎ አልወጣም። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2005 በኮሎራዶ ግዛት ፑዌብሎ አጠገብ አንድ ሳይቴሽን 560 ለማረፍ ሲቃረብ በስቶል ወድቆ 8 ሰዎች ሞቱ። ቦርዱ አብራሪዎቹ ፍጥነታቸውን አለመቆጣጠራቸውንና ጎማውን በመቃረቢያው ላይ አለማንቀሳቀሳቸውን በምክንያትነት ሲጠቅስ፣ በረዶ ለያዘ ክንፍ የሚበቃ የማስጠንቀቂያ ኅዳግ እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ አለመኖሩንም አክሏል። በ2008 ቦርዱ ጎማው በረዶ ወዳለበት ደመና እንደተገባ ወዲያው እንዲከፈት ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ አወጣ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ምክር ከወፍራሙ መጽሐፍ ምክር የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

5. ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው

ከጌይተርስበርግ አደጋ በኋላ ቦርዱ በ2016 ያቀረበው ዋና ሐሳብ፣ በአንድ አብራሪ ለሚበሩ ትናንሽ ጄቶች መከላከያው መከፈት የሚገባውን ጊዜ በራሱ አውቆ ለአብራሪው የሚነግር መሣሪያ እንዲሠራ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር አዲስ አይደለም። የውጭው ሙቀት ይለካል። በረዶ ሲይዘው የንዝረቱ መጠን የሚለወጥ አነስተኛ ዘንግ ያለው የበረዶ ጠቋሚም በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ይገኛል።

መሣሪያ ሰውን ያሰንፋል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ጠቋሚው ሲበላሽ ያልለመደ ዓይን በረዶውን ላያይ ይችላል። ነገር ግን የማስጠንቀቂያው ወሰን አስቀድሞ ከማብሪያው ጋር ታስሯል። ማስጠንቀቂያ የተሠራው ሰው ሲሳሳት እንዲያድነው ነው። ሥራውን የሚጀምረው ሰውየው ሳይሳሳት ሲቀር ብቻ ከሆነ የተሠራበትን ምክንያት ስቷል።

ሁለተኛው ተግባር የመሣሪያውን ወሰን በግልጽ መናገር ነው። ለረጅም ዘመን መከላከያዎች የተፈተኑበት የደመና መለኪያ በ1940ዎቹ በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ነጠብጣቦቹን በአማካይ እስከ 50 ማይክሮን ድረስ ብቻ ይቆጥራል። ኦክቶበር 31 ቀን 1994 በኢንዲያና ግዛት ሮዝሎን አጠገብ አንድ ኤቲአር 72 ከዚህ እጅግ በሚተልቁ ነጠብጣቦች ውስጥ ሲዞር ቆይቶ ጎማው ከማይደርስበት በስተኋላ በረዶ ስለያዘ ወደቀ፤ 68 ሰዎችም ሞቱ። ትልልቆቹን ነጠብጣቦች የሚመለከተው የአሜሪካ ደንብ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ2014 ነው። በበረዶ ውስጥ ለመብረር ተፈቅዶለታል የሚለው ቃል በማንኛውም በረዶ ውስጥ ማለት አይደለም። ለሚቀርበው በረዶ ሁሉ የሚበቃ መከላከያ ትንሽ ጄት ሊሸከም አይችልም። ማብሪያው ከተከፈተ በኋላ የሚቀጥለው ውሳኔ ከዚያ ደመና መውጣት ነው።

ጉዳዩ የብርድ አገር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ቁጥሮቹን ይመልከት። በምድር ወገብ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በክረምት ደመና ውስጥ በደቂቃዎች በረዶ ወዳለበት ይደርሳል። የደጋው ስስ አየርም የማረፊያን ርቀት ያስረዝማል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ የማረፊያ ፍጥነት የሚጠይቀው ተጨማሪ መንደርደሪያ እዚህ ይበልጥ ይረዝማል። የደጋ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈት መሣሪያ ደግሞ ብልሽቱን ደብቆ ይቆያል። ጎማውን በእጅ ዳስሶ፣ ነፍቶ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ የሚጠግን የጥገና ባለሙያ ከአብራሪው ቀድሞ በዚህ ጉዳይ ውሳኔ ይሰጣል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በጌይተርስበርግ ጎማው ደኅና ነበር፤ ቧንቧው ደኅና ነበር፤ ሞተሩ ደኅና ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ቢመረመር ፈተናውን ያልፋል። የጎደለው በዕቃዎቹና በሰውየው መካከል ያለው ነገር ነው። መሐንዲስ አንድን መሣሪያ ጨርሻለሁ ሊል የሚገባው መሣሪያው ሲከፈት በሚገባ መሥራቱን ሲያይ ብቻ አይደለም፤ ሳይከፈት ሲቀር ምን እንደሚሆን ጠይቆ መልስ ባገኘ ጊዜም ጭምር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት እናትና ልጆች አውሮፕላን አልተሳፈሩም ነበር። ስሌቱ ግን እነርሱንም ይመለከት ነበር።